ድራም የምትመቱ፣ ጆሯችሁ «ጭው» ይላል?

ሰሞኑን ቸርች ውስጥ ድራም የሚመታ ወጣት መጥቶ «ዶክተር፣ ከልምምድ በኋላ ጆሮዬ ጭው ይላል፤ ጠዋት ግን ይተወኛል። ኤሌክትሮኒክ ድራም ብንገዛ ይሻለኛል?» አለኝ።

«አዎ፣ ግን የሄድፎኑን ድምፅ ከቀነስክ ብቻ» አልኩት።

ለምን?

የተለመደው ድራም በኃይል ሲመታ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። የሚመከረው ገደብ በ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል! በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሴሎች ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ስለዚህ ጭውታው ጠዋት ተወ ማለት ጆሮው አልተጎዳም ማለት አይደለም።

የኤሌክትሮኒክ ድራም ጥቅሙ ድምፁን እናንተ መወሰናችሁ ነው። ሄድፎኑን ከለቀቃችሁት ግን ጉዳቱ ያው ነው።

ምን እናድርግ?

✅ ድምፁን ሳትጀምሩ ዝቅ አድርጉ፤ መሃል ላይ አትጨምሩ።
✅ በየመሃሉ ጆሯችሁን አሳርፉ።
✅ ድራሙን መቀየር ካልቻላችሁ ኢርፕላግ አድርጉ። ጥጥ አይተካውም!
✅ ጭውታው ከቆየ ወይም መስማት ከቀነሰ የመስማት ምርመራ አድርጉ። በድንገት መስማት ካቆማችሁ ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ በዕለቱ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ድራም ለሚመታ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።