በኔትወርክ ለሚሰጥ ዲስክ የቦታ አደላደል

አንድ ሰርቨር ዲስኩን ለሌሎች ኮምፒውተሮች በኔትወርክ የሚያካፍልባቸውን ሁለት መንገዶች ለይቶ ማወቅ ይገባል። በኤን ኤፍ ኤስ መንገድ ሰርቨሩ የሚሰጠው ፋይል ነው፤ መዝገቡንም ራሱ ይይዛል። ፓቬል ማኼክ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሊኑክስ የጻፈው ኤን ቢ ዲ ግን የሚሰጠው ባዶ የዲስክ ቦታ፣ ማለትም ብሎክ ነው።

ነገሩን በቡና መጋዘን እንመስለው። የፋይሉ ሰርቨር እንደ መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ጆንያ የሚገባውም የሚወጣውም በእርሱ እጅ ነው። ኤን ቢ ዲ ግን የባዶውን ክፍል ቁልፍ ይሰጣል፤ የገቢና የወጪውን መዝገብ የሚጽፈው ቁልፍ ተቀባዩ ነው።

እንግዲህ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ማጂ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በቱም፣ አንድ ትምህርት ቤት አንድ ሰርቨርና ዲስካቸው ትንንሽ የሆኑ አራት ኮምፒውተሮች አሉት እንበል። አሠራሩ የሚከተለው ነው፤

1ኛ. ለዚሁ ሥራ የተለየውን 1 ቴራባይት ዲስክ በኤል ቪ ኤም አንድ የጋራ ጎተራ እናደርገዋለን።

2ኛ. ከጎተራው ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር 200 ጊጋባይት ቆርሰን ስም እናወጣለታለን። የተረፈው ይቆይ፤ ቦታ ለጠበበው ኋላ ይጨመርለታል።

3ኛ. በኤን ቢ ዲ ሰርቨር ማዘጋጃ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱን ቁራሽ በስሙ እንመዘግባለን፤ የትኛው ኮምፒውተር ብቻ እንደሚገባበትም በአድራሻው እንወስናለን። የመግቢያው ፖርት 10809 ነው።

4ኛ. ተቀባዩ ሲገናኝ ቁራሹን እንደ ራሱ ዲስክ ያየዋል። ፎርማት የሚያደርገውም እርሱ ነው፤ ያውም በመጀመሪያው ቀን ብቻ።

ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። አንድን ቁራሽ በተለመደው ፋይል ሲስተም ሁለት ኮምፒውተሮች ቢጽፉበት፣ እያንዳንዱ ክፍሉ የራሱ ብቻ መስሎት በየግል መዝገቡ ይሠራል፤ አንዱ ባዶ ነው ብሎ የሚጽፍበት ቦታ ሌላው የመመረቂያ ጽሑፉን ያኖረበት ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩ መዝገብ ስለማይዝ ጥፋቱን አያይም፤ አያስጠነቅቅምም። ስለዚህ አንድ ቁራሽ ለአንድ ጸሐፊ ይሁን፤ የጋራ ሥራ ካለ በኤን ኤፍ ኤስ መስጠት ይሻላል።

ሁለተኛው የመብራት መጥፋት ነው። ተቀባዩ «ዲስኩ ላይ አድርስልኝ» ብሎ የሚልከው ትእዛዝ ፍለሽ ይባላል። ይህ በማዘጋጃ ፋይሉ ካልተፈቀደ፣ ተጻፈ የተባለው ነገር ገና በሰርቨሩ ሜሞሪ ላይ ሳለ መብራት ሄዶ ሊጠፋ ይችላል።

በመጨረሻም አራቱ ቁራሾች የተኙት በአንድ ዲስክ ላይ ነውና፣ ዲስኩ ሲበላሽ አራቱም አብረው ይሄዳሉ። የጓደኞቻችንን የዓመት ድካም በአደራ የተቀበልን ሁሉ፣ ቁልፉን ከማደላችን በፊት ቅጂው በሌላ ዲስክ የሚቀመጥበትን መንገድ እናሰናዳ።