የጭቃ ቤት እድሳት ከየት ይጀመራል?

ባለፈው ስንሰባሰብ አንዷ እህታችን "የእናቴን ቤት ላሳድስ ብዬ ብር ላኩ፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን ግድግዳው እንደነበረው ሆነ" ብላ ስታለቅስ አይታችኋል። የእሷ ብቻ አይደለም። እኔም ሁለት ጊዜ ልኬ ሁለት ጊዜ ፈርሶብኛል። ስለዚህ ለዚህ ወር ስለ ጭቃ ቤት አጠጋገን የማውቀውን ልጻፍላችሁ ብዬ ተነሳሁ። መሐንዲስ አይደለሁም። የተማርኩት ከእናቴ ቤት እና፣ ይገርማችኋል፣ እዚሁ ከማዳሜ ሳሎን ነው።

የማዳሜ ሳሎን አንዱ ጥግ ላይ ቡናማ እድፍ ነበረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቀባ። በተቀባ ቁጥር ሶፋውን የማነሳው እኔ፣ ወለል ላይ የተንጠባጠበውን ቀለም የምፍቀው እኔ። እድፉ ግን ተመልሶ ይመጣል። በአራተኛው አንድ ሸምገል ያለ ሠራተኛ መጣ። ቀለሙን ሳይከፍት "ጣሪያው የት ነው?" አለ። መሰላሉን ይዤለት ወጣ። ለካስ የታንከሩ ቧንቧ መገጣጠሚያ ጠብ ጠብ ይላል፤ ውሃው በጣሪያው ውስጥ ተጉዞ ሳሎን ላይ ይወጣል። ቧንቧውን ጠገነና "ግድግዳው እስኪደርቅ አልቀባም" ብሎ ሄደ። ከወር በላይ ቆይቶ መጥቶ ቀባው። እድፉም በዚያው ቀረ።

ያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የእናቴ ቤት ቢሾፍቱ ዳር ነው። ቋሚውና ማገሩ ባህር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። በ2010 ዓ.ም. ግድግዳው ተሰነጣጠቀ ሲሉኝ ብር ላኩ፤ እንደገና ተመረገ። በዓመቱ ረገፈ። በ2012 ደግሞ "አሁንስ በሲሚንቶ ይለሰን" ብዬ የስድስት ወር ደመወዜን ላኩ። እሱም ክረምቱ ሲወጣ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወደቀ። ታናሽ ወንድሜን በስልክ "ብሩን በልተኸዋል" አልኩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት አልተነጋገርንም።

በ2015 ጥር ላይ ለእረፍት ስገባ ግን የወደቀውን ልስን አነሳሁት። የጣት ውፍረት ያለው እውነተኛ ሲሚንቶ ነው። ልጁ ምንም አልበላም። የበላን ውሃ ነው።

ሲሚንቶ ጭቃ ላይ የማይበረክተው ለምን መሰላችሁ? ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። በስንጥቁ የገባውም ውሃ መውጫ ስለሚያጣ ጭቃው ከኋላ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ቤቱ ያማረ ነው። ጭቃን የሚወደው ጭቃ ነው። የግድ ሲሚንቶ ካላችሁ መጀመሪያ የሽቦ ወንፊት ግድግዳው ላይ ይመታና በዚያ ላይ ይለሰናል፤ ወጪው ግን ከባድ ነው፣ እኔ አልመክርም።

ስለዚህ እንደ ሽማግሌው ከላይ ጀመርን። ፀሐይ በወጣ ሰዓት በርና መስኮቱን ዘግተን ከውስጥ ወደ ጣሪያው አየን። ብርሃን የሚያሳይ ቀዳዳ ሁሉ በከሰል ምልክት ተደረገበት። አብዛኛው ቀዳዳ የሚስማር ነው። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳው ላይ አይደለም፤ ከሥሩም ጎማ ይኖረዋል። የእኛው ግን ያለ ጎማ ጎድጓዳው ላይ ተመትቶ ነበር! ቆርቆሮ ስታስገዙ ደግሞ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 32 ከባለ 28 ይቀጥናል። ብዙ ሰው ትልቁ ቁጥር የተሻለ ይመስለዋል። ጣሪያ ላይ ሲወጣም ቆርቆሮው ብቻውን ሰው አይችልም፣ እንጨት ባለበት በኩል ይረገጥ።

ቀጥሎ መሬቱ። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ዝናብ መሬቱን ይመታና ወደ ግድግዳው ይረጫል። የግድግዳው እግር እስከ ጉልበት ድረስ የተበላው ለዚህ ነው። ወንድሜና ሁለት የሰፈር ልጆች ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው ወደ ታች አስወጡት። ጠብታው የሚያርፍበት ላይ ቀይ አሽ አፈሰስን፤ ቢሾፍቱ አካባቢ ቀይ አሽ አይጠፋም፣ ጠጠርም ይሆናል። እናቴ "ለግድግዳ ብር አምጥታ መሬት ታስቆፍራለች" ብላ ጎረቤት ጠርታ አማችኝ!

ከዚያ ቋሚዎቹን በዱላ መታ መታ አደረግን። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ምስጥ በልቶታል። ሁለቱ ከታች አልቀው ነበር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፣ እህቶቼ! ጣሪያውን በባላ ሳትደግፉ ቋሚ አታስነቅሉ፣ ሰው ላይ ይወድቃል። ይህን ለአናጢ ሰጠነው። አዲሱ ቋሚ መሬት የሚገባው ጫፉ በእሳት ተለበለበና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠጣ። ግድግዳ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለም ሥራው ሳይጀመር ቆጣሪው ላይ ይጥፋ።

አሁን ጭቃው። በ2010 የተመረገው እዚያው ግቢ ውስጥ በተቆፈረ ጥቁር ዋልካ ነበር፤ ያውም በሰኔ፣ ሳይደርቅ ዝናብ ደረሰበት። ዋልካ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ማሳው ላይ የምናየው ነው እኮ። ስለዚህ ቀላ ያለ አፈር በጋሪ አስመጣን። አፈሩን ለማወቅ ባዶ ሃይላንድ እስከ ግማሽ አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉበትና በደንብ ነቅንቃችሁ አሳድሩት። አሸዋው ቶሎ ከታች ይቀመጣል፣ ደቃቁ አፈር በላዩ ይተኛል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ደቃቅ ከሆነ ይሰነጠቃል፣ አሸዋ ጨምሩበት። ሁሉም አሸዋ ከሆነ ደግሞ ይረግፋል።

የጤፍ ጭድ ገብቶበት በእግር ተረገጠ፣ ውሃ እየጠጣ እየተገላበጠ ከሳምንት በላይ ቆየ። ይሸታል፣ ይሽተት፤ ጭዱ ሲበሰብስ ነው ጭቃው የሚያያዘው። እናቴ ሁሉንም ግድግዳ ከመመረጋችን በፊት ከጓሮ በኩል አንድ ክንድ ያህል ቦታ አስመረገችና አምስት ቀን አየችው። ስንጥቅ አወጣ። ጭድ ጨመርን፤ ሁለተኛው ሙከራ ያዘ። እኔ ቸኩዬ ነበር፣ የእረፍት ቀኔ እያለቀ ነው፤ እሷ ግን "የሚደርቀው በአውሮፕላንሽ ሰዓት አይደለም" አለችኝ። አሮጌው ግድግዳ ላላው ተራግፎ፣ በውሃ ረስርሶ ነው አዲሱ የሚለጠፈው፣ አለበለዚያ አይያያዝም። የመጀመሪያው ምርጊት ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛው ቀጠን ብሎ፣ በደቃቅ ጭድ። ሥራው ከጥቅምት በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት ቢሆን ነው የሚሻለው።

ኖራ ሳይቀባ እረፍቴ አለቀ። በተለይ ኖራ የሚበጠብጥ ሰው ዓይኑን ይጠብቅ፣ ዓይን ያጠፋል። ውሃ ሲነካው የሚፈላ ዓይነት ከሆነ ልጆች አይጠጉ።

እዚህ ሆናችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ፎቶ አስልኩ። የግድግዳውን ፊት አይደለም፤ እሱን ሁሉም ሰው ይልካል። የጣሪያውን የውስጥ ገጽ፣ የግድግዳውን እግርና የቤቱን ጀርባ አስነሱ። ብሩንም ከፋፍላችሁ ላኩ፤ መጀመሪያ የቆርቆሮና የሚስማር፣ ከዚያ የቦይ፣ የምርጊቱን በመጨረሻ።

በ2016 መስከረም ወንድሜ ሳልጠይቀው ፎቶ ላከልኝ። እግሩ ደርቋል። ማድ ቤቱ ጀርባ አንድ መዳፍ የምታህል ተልጣለች፤ ቦዩ በቆሻሻ ተደፍኖ እንደነበረና እንደጠረገው ነገረኝ። ከዚያ "እህቴ፣ ኖራው ስንት ጊዜ ይቀባ?" አለኝ።

"ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቀጠን እያደረግህ" አልኩት።