የኪኔሲን ጂኖች ስያሜ፦ ከተበታተነ መጠሪያ ወደ ወጥ ሥርዓት

አጽሕሮተ ጥናት

ኪኔሲኖች በሕዋስ ውስጥ ጭነት የሚያጓጉዙና በሕዋስ ክፍፍል ጊዜ እንዝርቱን የሚያደራጁ ሞተር ፕሮቲኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ወጥ የስያሜ ሥርዓት እነዚህን ፕሮቲኖች በ14 ቤተሰቦች መድቧል። ይህ ጽሑፍ ሥርዓቱ ያስፈለገበትን ምክንያትና የቆመበትን መርሕ ካሳየ በኋላ፣ ዛሬም ተመራማሪን የሚያሳስተውን የቤተሰብና የጂን ቁጥሮች መምታታት ይመረምራል።

1. የችግሩ አመጣጥ

ኪኔሲን ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ ሮናልድ ቬል፣ ቶማስ ሪስና ማይክል ሺትስ በስኩዊድ የነርቭ አክሰን ላይ ያደረጉት ምርምር በዚህ ረገድ ዋና ቦታ ይይዛል። ፕሮቲኑ ኤቲፒን ሰንጥቆ በሚያገኘው ኃይል በማይክሮቲዩብል ላይ ይራመዳል፤ ስሙም «መንቀሳቀስ» የሚል ፍቺ ካለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት ተመሳሳይ የሞተር ክፍል ያላቸው ፕሮቲኖች ከሻጋታ እስከ ሰው ድረስ በብዙ ፍጥረታት ተገኙ። በሰውና በአይጥ 45 የኪኔሲን ጂኖች ተለይተዋል። ስም ሲወጣላቸው ግን እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ የራሱን ልማድ ይከተል ነበር።

2. አንድ ቤተሰብ፣ ብዙ ስም

ዛሬ ኪኔሲን-5 የሚባለው ቤተሰብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የዚህ ቤተሰብ ፕሮቲኖች በተቃራኒ አቅጣጫ የተዘረጉ ማይክሮቲዩብሎችን አያይዘው በመግፋት የእንዝርቱን ሁለት ዋልታዎች ያራርቃሉ። ፕሮቲኑ በአስፐርጊለስ ኒዱላንስ ሻጋታ «ቢምሲ» ተባለ፤ ጂኑ ሲበላሽ የሕዋስ ክፍፍል ይቆማልና። በመሰንጠቅ በሚራባው እርሾ «ከት7» ተባለ፤ ጂኑ የጎደለው ሕዋስ ያለጊዜው ይቀደዳልና። በፍራፍሬ ዝንብ «ኬኤልፒ61ኤፍ» የተባለው ጂኑ በክሮሞዞም ካርታ ላይ ካለበት ስፍራ ተነሥቶ ነው። በዜኖፐስ እንቁራሪት የተሰጠው «ኢጂ5» የሚለው ስም ደግሞ የእንቁላሏን መነሻነት ያመለክታል። በዳቦ እርሾ «ሲን8» እና «ኪፕ1» የሚባሉ ሁለት አባላት አሉት።

እያንዳንዱ ስም በወጣበት ቤተ ሙከራ በቂ ምክንያት ነበረው። ስሞቹ በአንድነት ሲታዩ ግን የፕሮቲኖቹን ዝምድና ይሰውራሉ። ጉዳቱም በሕክምና ምርምር ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነው ሞናስትሮል የተባለው ውሑድ የሚያግደው ፕሮቲን «ኢጂ5» ተብሎ ተጽፏል። ኢስፒኔሲብን የመሳሰሉ ለካንሰር ሕክምና የተሞከሩ ውሑዶችን የሚመለከቱ ጽሑፎች በአብዛኛው «ኬኤስፒ» ይሉታል። የሰው ጂኑ ቀድሞ «ኬኤንኤስኤል1» ሲባል፣ ዛሬ የጸደቀው መለያው «ኪፍ11» ነው። በአንዱ ስም ብቻ የጽሑፍ ፍለጋ ያደረገ ተመራማሪ ስለዚያው ፕሮቲን የተጻፈውን ከፊሉን ሳያይ ይቀራል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። «ኪፕ1» በእርሾ ጥናት ኪኔሲን ሲሆን፣ በአጥቢ እንስሳት ጥናት ግን የሕዋስ ዑደትን የሚገታ፣ ከኪኔሲን ጋር ዝምድና የሌለው ፕሮቲን መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል።

3. የ2004ቱ ስምምነትና መርሑ

በርካታ የመስኩ ተመራማሪዎች በጋራ ያዘጋጁትና በጆርናል ኦቭ ሴል ባዮሎጂ የታተመው ሥርዓት ኪኔሲኖችን ከኪኔሲን-1 እስከ ኪኔሲን-14 መደባቸው። በቤተሰብ ውስጥ ንዑስ ክፍል ሲኖር ኪኔሲን-14ኤ እና ኪኔሲን-14ቢ እንደሚባለው ፊደል ይታከላል።

ምደባው የተመሠረተው የሞተሩን ክፍል የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል በማነጻጸር በተገኘው የዝግመተ ለውጥ ዝምድና ላይ ነው። ተግባር ለስያሜ መሠረት ቢሆን ኖሮ ስሙ አዲስ ግኝት በመጣ ቁጥር ይፋለስ ነበር። «ኬኤስፒ» የሚለው ምሕጻር ፕሮቲኑን ከእንዝርት ጋር ያስተሳስረዋል፤ ይሁንና ኪኔሲን-5 መከፋፈል ባቆሙ የነርቭ ሕዋሳት ውስጥም እንደሚገኝና የአክሰንን ዕድገት እንደሚገታ ታውቋል። የዘር ሐረግ ግን ተግባር በተጨመረ ቁጥር አይለወጥም።

ሥርዓቱ ነባር የጂን ስሞችን አልሻረም። ከት7 ዛሬም ከት7 ነው፤ የቤተሰብ ስሙ በላዩ ታከለበት እንጂ። በዚህም የቀደሙ ጽሑፎች ከአዲሶቹ ጋር እንደተያያዙ ቆይተዋል።

4. የቁጥሮች መምታታት

ነባሮቹ ስሞች እንዲቀጥሉ መደረጉ ግን የራሱን ችግር አስከትሏል። የኖቡታካ ሂሮካዋ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1992 ከአይጥ አንጎል ያገኛቸውን ጂኖች ከኪፍ1 እስከ ኪፍ5 ብሎ ሰይሞ ነበር። በ2004 የተሰጡት የቤተሰብ ቁጥሮች ከእነዚህ ጋር አይገጥሙም፦

ኪፍ5ኤ የኪኔሲን-1 አባል ነው።
ኪፍ3ኤ የኪኔሲን-2 አባል ነው።
ኪፍ1ኤ የኪኔሲን-3 አባል ነው።
ኪፍ11 የኪኔሲን-5 አባል ነው።
ኪፍ2ኤ የኪኔሲን-13 አባል ነው።

ስለዚህ «ኪኔሲን-1» ሲባል ኪፍ1ኤን፣ «ኪኔሲን-5» ሲባል ኪፍ5ኤን የሚያስብ አንባቢ ፈጽሞ ወደ ሌላ ጂን ይሄዳል። ኪፍ1ኤም ሆነ ኪፍ5ኤ በሰው ላይ በሚውቴሽን ሲጎዱ በዘር የሚተላለፍ የእግር መገተርና መድከም ያስከትላሉ። የሕመሙ ምልክት ስለሚቀራረብ ስሕተቱን የሚያጋልጥ ሌላ ፍንጭ ላይኖር ይችላል፤ የተሳሳተው ጂን ተመርምሮ ትክክለኛው ሳይታይ ሊታለፍም ይችላል።

5. በአማርኛ ሲጻፍ

በላቲን ፊደል የሰው ጂን መለያ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ሲጻፍ፣ የአይጥ ጂን የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ትልቅ ይሆናል፤ የጂን መለያም ዘመም ተደርጎ ከፕሮቲኑ ይለያል። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለው «ኪፍ11» የሚለው ጽሕፈት ብቻውን የሰውን ከአይጥ አይለይም። በአማርኛ የሚጻፍ ጥናት «የሰው ኪፍ11 ጂን» ወይም «የአይጥ ኪፍ11 ፕሮቲን» ብሎ በቃል መግለጽ ይኖርበታል።

6. መደምደሚያ

ወጥ ስያሜ የፍለጋን ድካም ይቀንሳል፤ የጸሐፊውን ጥንቃቄ ግን አይተካም። በመጀመሪያ መጠቀስ ላይ የቤተሰቡን ስም፣ የጸደቀውን የጂን መለያ፣ የፍጥረቱን ዝርያና በብዛት የሚታወቀውን ተለዋጭ ስም በአንድነት ማስፈር ተገቢ ነው፤ ለምሳሌ «ኢጂ5 በመባልም የሚታወቀው የሰው ኪፍ11፣ የኪኔሲን-5 ቤተሰብ አባል»። በአጽሕሮተ ጥናቱም እንዲሁ ቢደረግ፣ በየትኛውም ስም የሚፈልግ ተመራማሪ ጽሑፉን ያገኘዋል።