ተከራይ ነኝ፤ የማሽን ማንሻ ይከፈለኛል?

ጥያቄ፦ አርባ ምንጭ ሲቄላ የብየዳ ቤት ተከራይቼ እሠራለሁ። ቦታው ለመንገድ ይፈለጋል ተብሏል። ማሽኖቼን የማነሣበትን ማን ይከፍለኛል?

መልስ፦ የቤቱ ካሳ የአከራይዎ ነው፤ እሱ ላይ አይድከሙ። የእርስዎ ጉዳይ ማሽኑ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሥቶ ሌላ ቦታ እንደ ቀድሞው ሊያገለግል ለሚችል ንብረት የማንሻ፣ የማጓጓዣና መልሶ የመትከያ ወጪ በካሳ መልክ እንዲከፈል ያዛል። ችግሩ፣ አዋጁ አብዝቶ የሚናገረው ስለ ባለይዞታ ነው፤ ተከራይ በቀላሉ ይዘለላል። ስለዚህ ንብረት ሲቆጠር ከቦታው አይጥፉ። የኪራይ ውልዎን፣ ንግድ ፈቃድዎንና የማሽኖቹን ደረሰኝ ይዘው ለብቻ እንዲመዘገብልዎ ይጠይቁ። ካለፉዎት፣ የማስለቀቂያው ትእዛዝ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል በጽሑፍ ያመልክቱ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44(2) በመንግሥት ፕሮግራም ኑሯቸው የተነካባቸውን ሰዎች ሁሉ ይላል እንጂ ባለይዞታን ብቻ አይልም፤ ማመልከቻዎ ላይ ይጥቀሱት።