ሄምፕ ለባዮጋዝ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በደቡብ ስዊድን፣ ስኮኔ ነው። ከብት አርቢ ጎረቤቴ ከእበት ባዮጋዝ ያመርታል። እኔም ትንሽ መሬት ተከራይቻለሁ። የኢንዱስትሪ ሄምፕ ዘርቼ ብሸጥለት ያዋጣኛል? መቼስ ልጨደው?

መልስ፦ ለጋዝ ከሆነ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ይጨዱት። እዚያው ስኮኔ፣ አልናርፕ በሚገኘው የግብርና ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ሙከራ በዚህ ወቅት ከአንድ ሄክታር 14 ቶን ያህል ደረቅ ምርት ተገኝቷል። ብርዱን ማሳ ላይ አሳልፎ በጸደይ የታጨደው ወደ 10 ቶን ወርዷል፤ እሱ ለማገዶ እንጂ ለጋዝ አይመችም።

ዋናው ራስ ምታት አገዳው ነው። ሚቴን የሚያመነጩት ረቂቅ ተሕዋስያን አየር በሌለበት ጋን ውስጥ እንጨታማውን ሊግኒን ማብላላት ይሳናቸዋል። ሄምፕ ከበቆሎ ያነሰ ጋዝ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ቃጫው ሳይደቅ ከገባ ደግሞ መቀላቀያው ላይ እንደ ገመድ ይጠመጠማል። አድቅቆ የሚከትፍ የመኖ ማጨጃ ማሽን ካላገኙ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ባይጀምሩት ይሻላል።

ከተገኘ ግን ሄምፕ ደግ ሰብል ነው፤ ፈጥኖ አድጎ አረሙን ስለሚያፍን ፀረ አረም እምብዛም አያስፈልገውም። ከእበቱ ጋር ተብላልቶ የሚወጣው ዝቃጭም ወደ ማሳዎ ተመልሶ ማዳበሪያ ይሆናል።

ዘሩ በአውሮፓ ኅብረት ከተመዘገቡት፣ አስካሪው ንጥረ ነገራቸው (ቲኤችሲ) ከ0.3 በመቶ ካልበለጠ ዝርያዎች መሆን አለበት።

በእኔ ግምት፣ ከሌሎች ሰብሎች ጋር እያፈራረቁ ቢዘሩት ያዋጣዎታል፤ ገቢዎን በሙሉ በእሱ ላይ አይጣሉ። ዘር ከመግዛትዎ በፊትም የጎረቤትዎ መቀላቀያ ቃጫ ይችል እንደሆነ ይጠይቁት።