ለጫሞ ሽርሽር የትኛውን ጀልባ እንምረጥ?

መግቢያ

አርባ ምንጭ የመጣ እንግዳ ምንጮቹን አይቶ፣ ዓሳውን በልቶ፣ ሼቻ ላይ ቆሞ ሁለቱን ሐይቆችና በመካከላቸው ያለውን እግዜር ድልድይ ቁልቁል ከተመለከተ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው። «አዞ የምናየው መቼ ነው?» ይላል። አዞውን በተፈጥሮ ቦታው ለማየት ደግሞ ጀልባ ያስፈልጋል። እኛ የቱሪዝም ተማሪዎች ስለ አዞው፣ ስለ ጉማሬው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለተቋቋመው ስለ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ስንት አሳይመንት ጽፈናል። ሰውን ወደ አዞው ስለምታደርሰው ጀልባ ግን አንድ ገጽ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የራሴ ገጠመኝ ነው። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር ጫሞ ሄድን። ብር ለመቆጠብ ብለን ሁላችንም በአንዲት ጀልባ ተጫንን። ነጂው መጀመሪያ «በዛችሁ» ብሎ ነበር፤ ተለማመጥነው፣ እሱም እሺ አለ። ጉዞው እስከ የአዞ ገበያው ድረስ ሳቅና ዘፈን ነበር። ከዚያ አንዱ «ያውላችሁ! ያውላችሁ!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ካሜራና ሞባይል ይዘን በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ተነሣን። ጀልባዋ ጋደል አለች፣ ውሃው በጠርዟ ላይ ፈሰሰና እግራችንን አረሰን። ነጂው «ቁጭ በሉ!» ብሎ የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ምንም አልሆንንም፤ ተመለስን፣ ዓሳ በላን፣ ሳቅን። እኔ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ሲደርስ አይቶ መሮጥ» ከመሆኑ በፊት ስለ ጀልባ ምርጫ የገባኝን ያህል ለአንባብያን ላካፍል።

የጀልባ ዓይነቶች

በሐይቆቻችን ላይ የሚታዩትን በአራት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

አንደኛው የዓሳ አጥማጆቹ ጠፍጣፋ ታንኳ ነው። የሚሠራው ውሃ ዳር ከሚበቅል፣ የውጭ ሰዎች አምባች ከሚሉት በጣም ቀላል እንጨት ነው። ግንዶቹ ጎን ለጎን ይታሰራሉ፣ በቃ። ጣና ላይ ከደንገል እንደሚሠራው ታንኳ ማለት ነው። ይህ ታንኳ አንድ የሚያስቀና ጠባይ አለው፤ ውሃ ቢገባበትም አይሰምጥም፤ ምክንያቱም የሚንሳፈፈው ዕቃው ራሱ ነው። ነገር ግን ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ማድረቅ ይፈልጋል፤ የተቀመጠበትም ሰው ከውሃው ጋር እኩል ነው። በአዞ ሐይቅ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አጥማጆቹ ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት ሥራቸው ነው። ለእንግዳ ግን ከዳር ሆኖ ማየቱና ማድነቁ ይበቃል።

ሁለተኛው በመቅዘፊያ የሚሄድ የእንጨት ጀልባ ነው። ድምፅ ስለሌለው ለወፍ ተመልካች የሚስማማውን ያህል የለም። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ንፋስ ከተነሣ ወይም ጉማሬ ብቅ ካለ ቶሎ መሸሽ አይችልም። ጉማሬ ደግሞ ሣር በል ነው ተብሎ የሚናቅ እንስሳ አይደለም፤ ትንሽ ጀልባ መገልበጥ አያቅተውም።

ሦስተኛው የላሜራ ጀልባ ነው። ብረት ስለሆነ ግጭት ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ከላይ ዳስ አለው። የአርባ ምንጭን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ዳስ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዳሱ ንፋስ ይይዛል፤ እግዚአብሔር አያድርገውና ጀልባዋ ብትገለበጥ ደግሞ ከሥር ላለው ሰው መውጫ ይከለክላል። ብረት ይዝጋል፤ ስለዚህ ወለሉን ማየት ነው።

አራተኛው ዛሬ በሽርሽር ላይ የተለመደው የፋይበር ግላስ ሞተር ጀልባ ነው። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ አይዝግም። ከእነዚህም መካከል ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነና ሆዱ የሾለ አለ። ጠፍጣፋው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይገባል፣ በረጋ ውሃ ላይም አይወላገድም፤ ማዕበል ሲመጣ ግን ጧ ጧ እያለ ወገብ ይሰብራል። የሾለው ማዕበሉን እየሰነጠቀ ይሄዳል፤ ወደ ዳር ለመጠጋት ግን የበለጠ ጥልቀት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ብረትም ፋይበር ግላስም ከውሃ ይከብዳሉ። ጀልባዋ የምትንሳፈፈው ሆዷ ውስጥ ባለው አየር ነው። የአጥማጁን ታንኳ ዕቃው ይሸከመዋል፤ እኛን የሚሸከመን አየሩ ነው። አየሩን አስወጥቶ ውሃ ከገባበት ደግሞ፣ በውስጧ የታሸገ አየር ወይም ስፖንጅ መሰል ነገር ከሌላት በስተቀር፣ ጀልባዋ ድንጋይ ናት። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ምን ዓይነት ጀልባ ናት?» ብቻ ሳይሆን «ውሃው ወደ ውስጥ እስኪገባ ስንት ቀርቷታል?» የሚል ነው።

አንድ ሰው፣ አንድ ሳንቲ ሜትር

ሒሳብ የማይወድ ይህችን ክፍል ሊዘላት ይችላል፤ ባይዘላት ግን ይጠቀማል።

ርዝመቷ 6 ሜትር፣ ስፋቷ 1 ሜትር ከ50 የሆነች ጀልባ እንውሰድ። አፍንጫዋ ሾጣጣ ስለሆነ ውሃው ላይ የምትተኛበት ስፋት 7 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህች ጀልባ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ብትወርድ ወደ ጎን የምትገፋው ውሃ 70 ሊትር ነው። 70 ሊትር ውሃ 70 ኪሎ ይመዝናል። አርኪሜዲስ እንዳስተማረን ጀልባዋ ተጨማሪ ክብደት የምትሸከመው ያንኑ የሚያህል ውሃ ገፍታ ነው። 70 ኪሎ ደግሞ አንድ ሰው ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በተሳፈረ ቁጥር ጀልባዋ አንድ ሳንቲ ሜትር ትወርዳለች።

ነጂው ብቻ ሲሆን ጠርዟ ከውሃው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር እንበል። 9 ሰው ሲገባ 36 ይቀራል። 18 ሰው ሲገባ 27። «27 ምን አለበት?» ይባል ይሆናል። ቆይ፣ አዞ ታየና ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተነሣ። ጀልባዋ 10 ዲግሪ ብታጋድል በዚያ ጎን ያለው ጠርዝ ሌላ 13 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። 27 ሲቀነስ 13፣ 14 ቀረ። አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። የከሰዓት ንፋስ የሚያነሣው ማዕበል 14 ሳንቲ ሜትርን በቀላሉ ያልፋል። 9 ሰው ቢሆን ግን በተመሳሳይ ማጋደል 23 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ 9 ሰው ደግሞ 18 ሰው የሚያጋድለውን ያህል አያጋድላትም። በዚያ ላይ ሰው ሲነሣ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጀልባዋ ይበልጥ ትወላገዳለች። «ቁጭ በሉ!» የሚለው ጩኸት ፊዚክስ ነው ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በታንዛኒያ በኩል ኤም ቪ ኒየሬሬ የተባለች መርከብ ዑካራ ደሴት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገልብጣ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የተፈቀደላት መቶ ሰው ያህል ነበር፤ የጫነችው ግን ከዚያ በብዙ ይበልጥ ነበር። የሞቱት ከዳር ሆኖ በሚያያቸው ሰው ፊት ነው። ዳር ቅርብ ነው ብሎ መዘናጋት እንደማይገባ ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

ጫሞ ወይስ አባያ? ጠዋት ወይስ ከሰዓት?

ጀልባ የሚመረጠው ለሚሄድበት ውሃ ነው። አባያ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጫሞ ከ300 በላይ ነው። ውሃው ሰፊ በሆነ ቁጥር ንፋሱ ማዕበሉን እየገፋ የሚያሳድግበት ሜዳ ይረዝማል። በተጨማሪም የአባያ ውሃ በውስጡ በተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ምክንያት ቀይ ቡናማ ስለሆነ ከሥር ያለ ግንድም ሆነ ጉማሬ አይታይም። ስለዚህ ጠፍጣፋ ትንሽ ጀልባ ለጫሞ ዳርቻ ቢበቃም አባያን አቋርጣለሁ ለሚል ሰው አይበቃም።

የአዞ ገበያ የሚባለው ቦታ ጫሞ ላይ ኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነው። አዞ ደመ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ ዳር ይወጣል። አፉን ከፍቶ የሚተኛውም ሊበላን ሳይሆን ሙቀቱን ለመቆጣጠር ነው። ነጂዎቹም ጠዋት ሂዱ የሚሉት ሐይቁ ስለሚረጋ ነው፤ ከሰዓት ንፋሱ ይነሣል። እንግዲህ አዞውም ማዕበሉም የሚመክሩን አንድ ነገር ነው፤ በጊዜ ተነሡ።

ከመሳፈር በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀልባ ስንከራይ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው «ስንት ነው?» ብቻ ነው። እኔ የሚከተሉትን እጨምራለሁ።

1ኛ. ስንት ሰው ትጭናለች? መልሱን ከሰማን በኋላ ተሳፍረን ጠርዙን በስንዝር እንለካ። ከአንድ ስንዝር ተኩል ካነሰ ሰው መቀነስ አለበት።

2ኛ. ላይፍ ጃኬት ለሁሉም አለ ወይ? ከመቀመጫ ሥር ያለ ጃኬት የለም ማለት ነው። ውሃ ውስጥ ሆኖ መልበስ ከባድ ነውና ከዳር ለብሶ መግባት ነው። ለልጅ የልጅ ጃኬት ያስፈልጋል፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ ወደ ላይ ሾልኮ ይወጣል።

3ኛ. ሞተሩ ቢቆም ምን አለ? ትርፍ ቤንዚን፣ መቅዘፊያ፣ የሚሠራ ሞባይል።

4ኛ. ነጂው እንቢ ማለት ይችላል ወይ? ይህ ጥያቄ የሚያስቅ ይመስላል። ግን ያን ቀን የኛ ነጂ መጀመሪያ ትክክል ተናግሮ ነበር፤ እንቢታውን የሸጥንበት እኛ ነን። በልመናችን ፊት ሐሳቡን የማይለውጥ ነጂ ካጋጠማችሁ አትቀየሙት፤ ጉርሻ ጨምሩለት።

የእኛ ክፍል ጉዳይ

ይህን የምጽፈው በአጋጣሚ አይደለም። ዘንድሮ ተመራቂዎች ነን። የሽርሽር ኮሚቴው 18 ሰው መዝግቧል፤ የተሰበሰበው ብር ደግሞ ለአንድ ጀልባ ብቻ የሚበቃ ሆነ። ስብሰባ ተጠራ። እኔ ከላይ ያለውን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዱ ወዳጄ «አንተ ደግሞ ፈሪ ነህ፤ ስንት ሰው በዚህ ሲሄድ ኖሯል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኖሯል። ሌላዋ ልጅ ግን በጣም ከባድ ነገር ተናገረች፤ «ለሁለተኛ ጀልባ አዋጡ ካላችሁ እኔ እቀራለሁ፤ የለኝም» አለች። ቤቱ ፀጥ አለ። ለካ ጀልባ መምረጥ የኪስ ጉዳይም ነው። ደኅንነት ላለው ሰው ብቻ ከሆነ ምኑን ተማርነው?

በመጨረሻ መፍትሔው ከበጀቱ ውስጥ ተገኘ። ለመታሰቢያ ቲሸርት የተያዘ ብር ነበር። «ቲሸርቱ ይቅር» የሚል ሐሳብ ቀረበና በጠባብ ድምፅ አለፈ። ሁለት ጀልባ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው፣ ጠዋት። ማንም ተጨማሪ አላዋጣም። በቲሸርቱ ምክንያት እስካሁን ያኮረፉኝ አሉ፤ ይህን ሲያነቡ ይታረቁኝ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ማጠቃለያ

ከሁሉ የሚበልጥ አንድ የጀልባ ዓይነት የለም። ለዳርቻና ለረጋ ጠዋት ጠፍጣፋው፣ ለሰፊ ውሃና ለማዕበል የሾለው፣ ለዝምታ የመቅዘፊያው ይመረጣል። ለሁሉም ግን የሚሠራ አንድ ሕግ አለ፤ የምንመርጠው ባዶዋን ጀልባ ሳይሆን እኛ የገባንባትን ጀልባ ነው። ዳር ላይ ባዶ ቆማ የምታምር ጀልባ 18 ሰው ሲገባባት ሌላ ጀልባ ናት።

እኛ ነገ አስጎብኚ፣ የሆቴል ሠራተኛ፣ የጉዞ ወኪል እንሆናለን። እንግዳው የሐይቁን ጠባይ አያውቅም፤ ጀልባዋን የሚመርጥለት የኛ አፍ ነው። ያን ጊዜ «ይበዛችኋል፣ አንዳችሁ ቆዩና በሁለተኛው ዙር ሂዱ» ለማለት የሚያስችል ድፍረት ከአሁኑ ብንለማመድ መልካም ነው። መለማመጃው ደግሞ የራሳችን ሽርሽር ነው።

መልካም ሽርሽር፣ መልካም ምርቃት!