ስለ ገመድ አገማመድና ስለ ትንሹ መርከብ

ልጆች ሆይ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ዘወትር ትሰማላችሁ። ነገር ግን ክሮች ጎን ለጎን ስለ ተኙ ብቻ አያብሩም። የሚያስተባብራቸው ምን እንደ ሆነ፥ ለትንሽ መርከብ የሚሆን ገመድ እየሠራን እንማር።

በእንግሊዝ አገር ቪክቶሪ የምትባል የጦር መርከብ አለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1765 ዓ.ም. በቻታም ወደ ውሃ ወረደች፤ በ1805 ዓ.ም. በትራፋልጋር ጦርነት 104 መድፍ ይዛ ተዋጋች፤ ዛሬም በፖርትስመዝ ትታያለች። በዚያ ዘመን መርከብ በነፋስ ይሄድ ነበርና፥ ምሰሶውን ደግፎ የሚያቆመው፥ ሸራውንም የሚያወጣውና የሚያወርደው ገመድ ነበረ። መድፉንም የሚገታው ገመድ ነው። ታላቁ መድፍ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናልና በተተኰሰ ጊዜ በኃይል ወደ ኋላ ይመለሳል። በስተኋላው ዞሮ በግራና በቀኝ ከመርከቡ ግድግዳ ጋራ የታሰረው ወፍራም ገመድ ቢበጠስ፥ ተኳሾቹን ይደፈጥጣቸው ነበር። ስለዚህ የሰው ሕይወት በገመድ ሠሪው እጅ ነበረች።

የእነዚህን መርከቦች አምሳያ በትንሹ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አምሳያው ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን፥ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ተራ ክር የገመድ መልክ የለውምና፥ እንደ ትልቁ ተገምዶ ሊሠራ ይገባዋል።

አሠራሩም እንዲህ ነው።

1ኛ፤ ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሦስት ቀጭን የስፌት ክር ውሰዱ። ሲገመድ ያጥራልና ከሚፈለገው አስረዝማችሁ ቍረጡ።

2ኛ፤ በአንድ ወገን ሦስቱን በአንድ እንጨት ላይ አብራችሁ እሰሩ፤ በሌላው ወገን ግን እያንዳንዱን በየራሱ እንጨት ላይ እሰሩ።

3ኛ፤ ሦስት ልጆች ክሩን ወጥረው፥ ቀድሞ በተፈተለበት አቅጣጫ ያክርሩት። በሌላው አቅጣጫ ቢያዞሩት ፈትሉ ይፈታል።

4ኛ፤ በዙሪያው ሦስት ቦይ የተፈለፈለበት ሾጣጣ እንጨት በክሮቹ መካከል አግቡ፤ ቀጭኑ ጫፍ አብረው ወደ ታሰሩበት ወገን ይሁን። ይህን አምስተኛው ልጅ ይያዘው።

5ኛ፤ ሦስቱ ወደ ቀኝ የሚያዞሩ ከሆነ፥ አራተኛው ልጅ ፊቱን ወደ እነርሱ መልሶ አብረው የታሰሩበትን እንጨት ወደ ግራ ያዙር። ሦስቱም ማክረሩን አይተዉ። ሾጣጣው እንጨት በቀስታ ወደ እነርሱ ሲሄድ፥ ገመዱ በስተኋላው ይገመዳል።

6ኛ፤ ጫፎቹን ቋጥራችሁ፥ ወጥራችሁ አሳድሩት፤ በማግሥቱም ጭገሩ እንዲተኛ ሰም ቀቡት።

ምሰሶ የሚደግፈው ገመድ በመርከብ ላይ ቅጥራን ይቀባ ስለ ነበረ፥ ለእርሱ ጥቁር ክር ምረጡ፤ ሸራ ለሚጐትተው ፈዘዝ ያለው ይሁን። የመድፉ ገመድ ደግሞ፥ መድፉ ወደ ኋላ ሲመለስ አፉ ወደ መርከቡ ውስጥ ገብቶ እንደ ገና ለመጕረስ እንዲመች ረዘም ይበል።

እንግዲህ ምሥጢሩን ተመልከቱ። እያንዳንዱ ክር ሊፈታ ወደ አንድ አቅጣጫ ይታገላል፤ ገመዱ በሙሉ ሊፈታ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይታገላል። አንዱ ሌላውን ስለሚይዘው ሁለቱም አይፈቱም፤ በተሳቡም ቍጥር ይበልጥ ይጣበቃሉ። በቻታም ያለው 346 ሜትር ርዝመት ያለው የገመድ ቤት የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ በእናንተ እጅ ያለውም ይኸው ነው።

ጥያቄ፤ ሦስቱ ክሮች ሳይከርሩ ቢገመዱ ገመዱ ምን ይሆናል? ሠርታችሁ መልሱ።